የወይንሸት አፍንጫ

ወይንሸት ማረፏን የሰማሁት ላፍቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የደወለልኝ ድሮ ከሁለታችንም ጋር ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። "መሲ፣ የወይኒን ሰማሽ?" አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ መጨረሻው ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሰልፉ ተራመደ፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ የነበረች ሴትዮ "እህቴ፣ አትሄጂም እንዴ?" ብላኝ አለፈችኝ።

እውነቱን ልጽፍ ከተቀመጥኩ ከዚያች ደቂቃ ልጀምር። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም። "ቀብሯ ላይ ስንት ሰው ይወጣ ይሆን!" የሚል ሐሳብ ነው። ቀጥሎ ደግሞ እኔ ብሞት ማን ማን እንደሚመጣ በልቤ መደርደር ጀመርኩ። ወይንሸት ሞታም ቀናሁባት። ሐዘኑ የደረሰብኝ ታክሲ ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ሲደርስ ግን ረዳቱ "እናት፣ የት ነሽ?" እያለ ሲጠይቀኝ መውረጃዬን መናገር አቃተኝ።

የተዋወቅነው ንፋስ ስልክ አካባቢ በነበረ አንድ የጭማቂ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እኔ በኬሚስትሪ ተመርቄ፣ ስድስት ዓመት አገልግዬ፣ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ሆኜ ነበር። እሷ በዲፕሎማ ተቀጥራ መጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ የለበሰችው ጋዋን ሌላ ሰው የሚጨምር የሚመስል ልጅ ነበረች። ስሟን ስትነግረን ሁሉም ሳቀ። ጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ ወይንሸት! አብራን ሳቀችና "ጥፋተኛው አባቴ ነው" አለች። አባቷ አቶ ወልዴ በወጣትነታቸው የመንግሥት የወይን እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። የወይን ተክል እንዴት እንደሚከረከም የተማሩት እዚያ ነው። በኋላ መቂ አካባቢ ባላቸው ይዞታ ላይ የመጀመሪያዎቹን ችግኞች የተከሉት እሷ በተወለደች ሳምንት ስለነበር፣ ስሟ በዚያው ወጣ።

ይህች ልጅ አፍንጫ ነበራት። ሌላ እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም። ከመቅመሷ በፊት እጅጌዋን ሰብስባ የክንዷን እጥፋት ታሸታለች። ምን እንደምታደርግ ብጠይቃት "አፍንጫዬን እያጠብኩ ነው" አለችኝ። "የራስ ገላ ሌላውን ሽታ ሁሉ ያጥባል።" ጠዋት ወደ ላቦራቶሪ የገባ ሰው ቁርሱን ምን እንደበላ ትነግረዋለች። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት መስኮት የምትዘጋው እሷ ናት።

አንድ ሐሙስ የማንጎ ሽሮፕ ታንከር መርምረን ጨረስን። ስኳሩ ልክ፣ አሲዱ ልክ፣ ሁሉም ልክ። ፈረምኩ። ወይንሸት ብርጭቆውን ይዛ ቆማ ቀረች።

"መሲዬ፣ ይሄ ጎማ ይሸታል።"

አሸተትኩት። "ምንም አይሸትም።"

"ይሸታል። አፍንጫ አይዋሽም፣ ባለቤቱ እንጂ።"

"መሣሪያው ልክ ነው ካለ ልክ ነው" አልኳት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "አንቺ ከመሣሪያ ትበልጫለሽ እንዴ?"

ሰዎቹ ሳቁ። እሷ አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ወጥታ ቴክኒሻኑን ለመነችና መስመሩን አስፈታችው። ሽሮፑ የሚያልፍበት ቱቦ ውስጡ ተልጦ፣ የጎማው ፍቅፋቂ ከሽሮፑ ጋር ሲወርድ ተገኘ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ሰው ሁሉ እያየ ጨበጣት። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያስተማረችኝ መሲ ናት" አለችው። አላስተማርኳትም። እሷም እኔም እናውቃለን። ክፉ ሰው ብትሆን እንዴት በቀለለኝ! ጠልቻት እገላገል ነበር። ከዚያ ወዲያ ሥራ አስኪያጁ ላቦራቶሪ በገባ ቁጥር እኔን አልፎ "ባለ አፍንጫዋስ?" ይላል።

የቅናት ነገር የሚያሳፍር ነው፣ ግን ሥራም ያሠራል። ቤቴ ገብቼ አፍንጫዬን ማሠልጠን ጀመርኩ። ባሌ ኃይሉ ዓይኔን በሻርፕ ያስርልኛል፣ ከዚያ የቅመም ብልቃጥ አንድ በአንድ አፍንጫዬ ሥር ይይዛል። "ኮረሪማ። ጥቁር አዝሙድ። በሶብላ። ይሄ... ይሄ የጫማ ቀለም ነው፣ አንተ ቀልደኛ!" ኃይሉ እየሳቀ መሬት ይቀመጣል። ለምን እንደማደርገው አልነገርኩትም። በዓመቱ አፍንጫዬ ተሳለ። ሻይ ጠጥቼ ውኃው ከየትኛው ሰፈር ቧንቧ እንደተቀዳ እስከመለየት ደረስኩ። እሷ ላይ ግን አልደረስኩም። እኔ አስቤ አስቤ የማገኘውን፣ እሷ በር ላይ ሆና ታውቀዋለች።

ከዚያ አቶ ወልዴ ወገባቸውን ታመሙ። ወንድሞቿ በየከተማው ተበትነዋል፣ ተክሉን የሚያይ ሰው የለም። ወይንሸት መልቀቂያ አስገባች። ፋብሪካው በሙሉ "አበደች" አለ። ከተማ ያለ ሥራ ጥሎ ወደ ገጠር! እኔ የሽኝቱ ቀን ቆሜ ንግግር አደረግሁ፣ ምን ያህል እንደምናዝንም ተናገርኩ። አቅፋኝ ስታለቅስ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኳት። ቤቴ ገብቼ ወጥ ሳማስል ግን እያንጎራጎርኩ ራሴን ያዝኩት። ኃይሉ "ዛሬ ምን አገኘሽ?" አለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ፎቶዎቿ በቴሌግራም መምጣት ጀመሩ። ወይንሸት ሰፊ የሣር ባርኔጣ አድርጋ በተክሎቹ መሐል፣ ወይንሸት ቦት ጫማ ተጫምታ ዘለላ ታቅፋ፣ ወይንሸት ከአባቷ ጋር ድንጋይ እየካበች። ቤተሰቡ ፍሬውን ለነጋዴ መሸጥ ትቶ ራሱ የወይን ጠጅ መጥመቅ ጀምሯል። አንዱንም ፎቶ "ወደድኩ" ሳልል ሁሉንም አየሁ። አንዳንዱን ሁለቴ ሦስቴ አየሁት።

ኮሮና መጥቶ አለፈ። አንድ ቀን ደወለች።

"መሲዬ፣ ቅዳሜ ነይልኝ። ባልሽንም ይዘሽው ነይ። እባክሽን።"

ሰበብ ፈልጌ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ማየትም ፈልጌ ነበር። ጎድሎ የማገኘው ነገር አይጠፋም ብዬ ነው።

ቅዳሜ በኃይሉ መኪና ከላፍቶ በማለዳ ወጣን። ሞጆን፣ ቆቃን፣ ዓለም ጤናን አልፈን መቂ ስንደርስ ፀሐዩ ጠንክሯል። ከአስፋልቱ ወጥተን አቧራማውን መንገድ ጥቂት እንደሄድን፣ በቢጫው ሜዳ መሐል አረንጓዴ መስመሮች ተሰልፈው ታዩ። ኃይሉ መኪናውን ቀስ አደረገና "ኧረ እግዚኦ!" አለ።

አቶ ወልዴ በከዘራ ተደግፈው ደጅ ድረስ መጡ። "የልጄ አለቃ መጣች!" ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። ዳሱ ሥር ቆጮና የዝዋይ ዓሣ ቀረበልን። ወይንሸት ጠቁራ ነበር፣ ጡንቻ አውጥታለች፣ ጥፍሯ ሥር ሐምራዊ ገብቶበታል። ታምራለች። አባቷ የምትናገረውን እንደ ዜና ያዳምጧታል።

እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ዛሬ የላፍቶ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ገብስ ያርስ ነበር። ወይንሸት ከተማው ሲሰለቻት የምትመለስበት እርሻ አላት። እኔ የአባቴ እርሻ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቼ እኖራለሁ። ያንን ዓሣ ስበላ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ከምሳ በኋላ ወደ መጥመቂያው ወሰደችን። ግማሹ መሬት ውስጥ የተቆፈረ፣ በድንጋይ የተካበ፣ ሲገቡበት የሚቀዘቅዝ ቤት ነው። የፍሬ መጭመቂያውን መቂ ያለ አንድ በያጅ ነው የሠራላቸው። ትልልቅ የፕላስቲክ በርሜሎች ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ አቶ ወልዴ ከሰው እጅ ያገኙት አንድ የእንጨት በርሜል ለብቻው ተቀምጧል። ኃይሉ ጥያቄ በጥያቄ አደረጋት። ለምን ይጨመቃል፣ ለምን ይቆያል፣ ገለባው ምን ይሆናል። እሷ እጇን እያወናጨፈች ታስረዳዋለች፣ እሱ ይስቃል። የእኔን ሥራ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ከበርሜሉ ቀድታ ስታቀምሰው "ይሄማ ሸጋ ነው!" አለ።

ከዚያ አባቷን "የውኃ ፓምፑን አሳየው" ብላ ኃይሉን አብሯቸው ሸኘችው። ሁለታችን ብቻ ቀረን። በሩን ገርበብ አደረገችው።

"መሲ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ ነው።"

"ምነው? ደኅና አይደለሽም?"

"አይሸተኝም።"

"ምኑ?"

"ምንም። ኮሮና የያዘኝ ጊዜ ጠፋ። ይመለሳል አሉኝ፤ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ። ሳሙና አይሸተኝም፣ አፈር አይሸተኝም፣ የራሴ ክንድ አይሸተኝም። ስቀምስ ምላሴ ጣፋጭና ኮምጣጣ ይለያል፣ ሌላው ባዶ ነው።"

"አባትሽስ?"

"አያውቅም። ይሄን ሁሉ የቆፈረው በእኔ አፍንጫ ተማምኖ ነው። ምን ብዬ ልንገረው?"

የእንጨቱን በርሜል በመዳፏ ነካችው። ማክሰኞ አዲስ አበባ ካለ አንድ ሆቴል ሰው ሊቀምስ ይመጣል። ከወደደው የቤተሰቡ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርሙስ ላይ ሊጻፍ ነው። ከተበላሸ ደግሞ ከመቅመሱ በፊት ደፍተው፣ ለሚቀጥለው አዝመራ ቢቀጥሩት ይሻላል።

"አሮጌ እንጨት ሻጋታ ይይዛል ይላሉ፤ ይሄን ነው የምፈራው" አለችኝ። "እቤት ያለው ሁሉ ጥሩ ነው ይለኛል፤ ይወዱኛላ። አንቺ ንገሪኝ።"

ቀዳችልኝ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ነገር አሽትቼ አላውቅም። ሊወድቅ የደረሰ ኮሽም አለበት፣ ቀረፋ አለበት፣ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር አለበት። ስውጠው ሙቀቱ ደረቴ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ይህን የሠራችው ሳይሸታት ነው። እኔ ዓይኔን በሻርፕ አስሬ ስንት ዓመት የለፋሁበትን፣ እሷ አፍንጫዋን አጥታ አለፈችኝ። ያን ጊዜ ውስጤ የሆነውን ቅናት ብዬ ብጠራው ያንስበታል። የሚያቃጥል ነገር ነው።

"ትንሽ..." አልኩ።

"ትንሽ ምን?"

"የሻገተ ጨርቅ ነገር ይሸታል። እንጨቱ ነው መሰለኝ። አዝናለሁ ወይኒ።"

ፊቷ አልተለወጠም። ራሷን ነቀነቀች፣ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችኝና መሬት ላይ ደፋችው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ። "ሌላ ሰው ቢሆን ይሉኝታ ይዞት ይዋሸኝ ነበር።"

ስንመለስ ኃይሉ መኪና እየነዳ "እኔ እኮ ሻጋታ አልሸተተኝም" አለ። ወይንሸት ስትሸኘን ለእሱም ለአባቷም የሻጋታውን ነግራቸው ነበር።

"አንተ ምን ታውቃለህ?"

ቃሊቲ ልንገባ ስንል "መሲ፣ አንቺ ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል" አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደወልኩላት። ልነግራት ነበር፣ እምላለሁ። "ሄሎ፣ መሲዬ!" ስትለኝ ድፍረቴ ከዳኝ። ስለ መስተንግዶው አመስግኜ፣ የአባቷን ወገብ ጠይቄ ጨረስኩ። ልዘጋ ስል "ነገ ጠዋት እንደፋዋለን" አለችኝ። "አባዬ አልቅሷል፤ ግን ያልፋል።"

ሰኞ ወደ ሥራ የሚወስደኝን ታክሲ ትቼ ከላፍቶ ወደ ሳሪስ ሄድኩ። ከሳሪስ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በሚኒባስ መቂ። መንገዱን ሁሉ ስደውል ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ከመቂ ባጃጅ ይዤ የአቧራውን መንገድ ስገባ ሹፌሩን "ቶሎ በል ወንድሜ፣ ቶሎ በል" እያልኩ ትከሻውን ይዤዋለሁ።

በመጥመቂያው በር ቱቦ ወጥቶ ወደ ቦዩ ተዘርግቷል። ቦዩ ውስጥ ቀይ ነገር ይፈሳል፣ ንብ ወርሮታል። ወይንሸት ቱቦውን በእግሯ ረግጣ ይዛ ቆማለች።

"ተይ! ዝጊው! ወይኒ ዝጊው!"

አልገባትም፣ ቆማ አየችኝ። ራሴ ሮጬ ገብቼ የበርሜሉን ቧንቧ ዘጋሁት። በርሜሉን በእጄ መታ መታ አደረግሁ። ሲሶው ሄዷል። ተከትላኝ ገባች።

"ዋሽቼሽ ነው" አልኳት። "ሻጋታ የለውም። ምንም የለውም። ቀንቼ ነው።"

ትጮህብኛለች፣ ወይም አባቷን ትጠራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ በርሜሉ ተጠግታ፣

"እውነት ጥሩ ነው?" አለችኝ።

"በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አልቀመስኩም።"

"ምን ምን ይሸታል?"

"ወይኒ፣ ይቅርታ መጠየቅ..."

"ይቅርታውን ቆይ። ምን ይሸታል? ቅጂና ንገሪኝ።"

ቀዳሁ። "ኮሽም" አልኳት።

"ያልበሰለ ነው የበሰለ?"

"ሊወድቅ የደረሰ።"

"እሺ። ሌላስ?"

"ቀረፋ። ከሩቅ ነው፣ ሲጠጋ ይጠፋል። ከዚያ አፈር። መጀመሪያ ዝናብ ሲያርፍበት ያለው አፈር።"

ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። አንዱን ስነግራት ሌላውን ትጠይቀኛለች፣ ከየትኛው በኋላ የትኛው እንደሚመጣ፣ አፍ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ። እንባዋ በዝምታ ይወርዳል። የሠራችውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀችው ያን ቀን በእኔ አፍ ነው።

ስጨርስ ፊቷን በሻሿ ጠረገች። "እንደምትቀኚብኝ ከፋብሪካው ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ" አለችኝ። "የጠራሁሽም ለዚያ ነው። የሚወደኝ ሰው ጥሩ ነው ቢለኝ አላምነውም። የምትቀናብኝ ሴት ጥሩ ነው ካለችኝ ግን በእርግጥ ጥሩ ነው ብዬ ነው። መጥፎ ነው ብትለኝስ ብዬ ሳላስብ ቀረሁ።"

መሳቅ እንዳለብኝ ማልቀስ እንዳለብኝ አላወቅሁም። እሷ አልሳቀችም።

"ይቅር ብዬሻለሁ እንዳልልሽ ገና አልወጣልኝም። አባቴን አስለቅሰሽዋል። ግን አፍንጫ የለኝም፣ አንቺ አለሽ። በየአዝመራው ትመጫለሽ፣ ትቀምሻለሽ፣ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ለማንም አትናገሪም። እሺ?"

"እሺ።"

"የአባቴን ነገር እኔ አስተካክላለሁ። ተሳስታ ነው እለዋለሁ።"

የሆቴሉ ሰው ማክሰኞ መጥቶ ቀመሰ፣ የተረፈውን ሁሉ ወሰደ።

አራት ዓመት እንደ ቃሌ ተመላለስኩ። በዓመት ሁለቴ፣ ፍሬ በደረሰ ቁጥር፣ በሩን ገርበብ አድርገን እንቀመጣለን። እኔ አሸታለሁ፣ እነግራታለሁ። እሷ ይኼኛው ከዚያኛው ይደባለቅ፣ ይኼኛው ይቆይ ትላለች። አንድም ቀን አልዋሸኋትም። መቅመስ የእኔ ነው፣ ምን መደረግ እንዳለበት የምታውቀው ግን እሷ ናት። ሰምታ ብቻ! እዚህም ላይ ቀናሁባት።

ስሟ ወጣ። ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ እየተነሱ እርሻውን ሊያዩ መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ቀረበች። ጋዜጠኛዋ "ሁሉም ስለ አፍንጫሽ ነው የሚያወራው" ስትላት፣ ወይንሸት ለአፍታ ካሜራውን አየችና "የእግዚአብሔር ስጦታ ነው" አለች። ኃይሉ አጠገቤ ተቀምጧል። ሪሞቱን ይዤ ድምፁን ቀነስኩት። በሚቀጥለው ስንገናኝ ራሷ አነሳችው።

"ይከብድሻል፣ አይደል?"

"በጣም" አልኳት።

"አውቃለሁ። እኔንም ይከብደኛል" አለችና ብርጭቆውን አቀበለችኝ። ይቅርታውን በቃል ተናግራ አታውቅም። በዚያው ዓመት ግን ስሄድ የምቀመጥበትን ወንበር ትራስ አሠርታለት አገኘሁት።

የሞተችው በድንገት ነው። ራሴን አመመኝ ብላ ጋደም አለች፣ በዚያው አልነሳችም። ለቀብሩ ከኃይሉ ጋር ሄድን። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ተቀምጧል። የሆቴሉ ሰውዬ ስለ እሷ ሊናገር ተነሳ። "በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ" አለ። "እንደ ወይንሸት ያለ አፍንጫ ግን አላጋጠመኝም። በየዓመቱ የምታወጣው ጣዕም የዚያ አፍንጫ ሥራ ነው።" ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። "እህታችን ድሮ አብራት ሠርታለች። ያኔም እንዲህ ነበረች?"

ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። የኃይሉ ክርን ክንዴን ነካው። አቶ ወልዴ ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ያዩኛል። አፌ ላይ ነበር። አራቱም ዓመት ያሸተትኩት እኔ ነኝ፣ እኔ። ምላሴ ላይ ተቀምጦ ይከብደኛል።

"ያኔም እንዲህ ነበረች" አልኩ። "እንደሷ ያለ አላየሁም።"

ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ። እኔም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

አርባዋን ካወጣን በኋላ አቶ ወልዴ "ነይ እስቲ ልጄ" ብለው በተክሎቹ መሐል ይዘውኝ ሄዱ። ሰው ከማይሰማበት ስንደርስ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ምኑን አባባ?"

"ድንኳኑ ውስጥ። ስትቀምሺላት የኖርሽው አንቺ አይደለሽም?"

ደነገጥኩ። "ነገረችዎት?"

"አልነገረችኝም። ሽሮ ከአጠገቧ እያረረ ቁጭ ብላ የምታወራ ልጅ ሆና ስትገኝ አባት አያውቅም? ከመጀመሪያው ወር ነው ያወቅሁት። እኔ እንዳልሰጋ ብላ ደበቀችኝ፣ እኔም እሷ እንዳትሰጋ ብዬ ያላወቅሁ መሰልኩ። እንዲሁ ስንደባበቅ አለፈች።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ያን በርሜልም ቀምሼው ነበር። ጥሩ እንደነበር አውቃለሁ። ብናገር ግን አፍንጫሽ የት ሄደ ልላት ነው። ስለዚህ አለቀስኩ።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ።

"መጥተሽ ዘግተሽዋል" አሉ። "አሁን የሚደበቅለት ሰው የለም። ብትናገሪም አይከፋኝ፣ ዝም ብትይም አይከፋኝ። የመጨረሻው አዝመራዋ ግን ውስጥ ተቀምጧል። ትቀምሺልኛለሽ?"

ቀመስኩ። ኃይሉ ከውጭ ቆሞ ጠበቀን። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ክፍት ነበር። ምን ከምን እንደሚደባለቅ የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ያሸተተኝን ብቻ ነገርኳቸውና እንዳለ ይታሸግ አልን።

ባለፈው ሳምንት ላፍቶ ሰፈራችን ያለው ሱፐርማርኬት ገባሁ። መደርደሪያው ላይ አዲሱ ጠርሙስ ቆሟል፣ "ወይንሸት" ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። የቀመስኩት እኔ፣ የተጻፈው የእሷ ስም። አሁንም ቀናሁባት። ይሄ ነገር ከእኔ የሚወጣ አይመስለኝም። አንድ ወጣት ሰው ጠርሙሱን አንስቶ ያገላብጠዋል። ለስጦታ የሚሆን እየፈለገ እንደሆነ ያስታውቃል።

"ይቅርታ እናቴ፣ ይሄን ያውቁታል? ጥሩ ነው?"

"በጣም ጥሩ ነው" አልኩት። "የሠራችውን አውቃታለሁ።"

"እርስዎስ የዚህ ነገር ባለሙያ ነዎት?"

"አይ" አልኩት። "ባለሙያዋ እሷ ናት። ሁለት ውሰድ።"